ከመንገድ የቀረችው ላሹኒና የዘር ሌባው

በድሮ ዘመን፣ ድሮ የሚባለው ራሱ ገና ጥርስ ሳያበቅል፣ እግረኞች የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ቀረብ በሉ ልጆች፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁትም ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ።

እነዚህ እግረኞች የተነሡት ከብርድ አገር ነው። እዚያ አገር ውሃው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይውላል፤ ትንፋሽ ከአፍ እንደወጣ ጢም ላይ ይደርቃል። ዛሬ ባሕር የሸፈነው ቦታ ያኔ ሰፊ ሜዳ ነበር። በሜዳው ላይ ጠጉራም ዝሆኖች ይሄዳሉ፤ ከዝሆኖቹ ኋላ እግረኞቹ ይሄዳሉ፤ ከእግረኞቹ ኋላ ውሾቻቸው ይሄዳሉ። ቅድመ አያት የጀመረችውን መንገድ አያት ቀጠለችው። አያት የቀጠለችውን እናት ቀጠለችው። እናት ደክማ ከተቀመጠችበት ልጅ ተነሥታ ሄደች።

እንዲህ እያሉ በረዶውን አለፉ፤ ጥቁሩን ደን አለፉ፤ ደረቁን ምድር አለፉ። በመጨረሻም ፀሐይ ደህና አድርጋ የምታሞቅበት፣ ወንዝ የሚወርድበት አንድ ሸለቆ ደረሱ። ታዲያ ደርሰው ተቀመጡ? አልተቀመጡም! ሕግ ነበራቸዋ። በአንድ ቦታ ከአንድ ጨረቃ በላይ ማደር ክልክል ነው። በብርድ አገር የቆመ ሰው በቁሙ ይደርቅ ስለነበር ሕጉ ያኔ ልክ ነበር። ብርዱ ኋላ ቀረ፤ ሕጉ ግን አብሯቸው መጣ።

ከእግረኞቹ መካከል ላሹኒ የምትባል ሴት ነበረች። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ባሏ የሞተባት፣ ወሬ የምትወድ፣ ሳቅ የማይጠፋት ሴት። አንድ አመል ነበራት፤ ያየችውን ሁሉ ትቀምሳለች። ቅጠል ታያለች፣ ትቀምሳለች። ሥር ትቆፍራለች፣ ትቀምሳለች። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ትል ቀምሳ ምላሷ አበጠና ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለች። እግረኞቹ ያንን ሦስት ቀን ዕድሜ ልካቸውን በናፍቆት ያወሩታል።

የእግረኞቹ አለቃ የላሹኒ ታናሽ ወንድም፣ ኦክማን ነበር። ኦክማን ደግ ነው፤ ግን ፈሪ ነው። አውሬ አይፈራም፣ ገደል አይፈራም። የሚፈራው አባቱ የነገሩትን ሕግ ማፍረስ ነው።

ደግሞ ፒሻን የሚባል ሰው አለ። የፒሻን እግር ፈጣን ነው፤ ምላሱ ከእግሩ ይፈጥናል፤ እጁ ደግሞ ከሁለቱም ይፈጥናል። አጋዘን ሲታይ መጀመሪያ የሚሮጠው ፒሻን ነው። አጋዘኑን የሚገድለው ሌላ ሰው ነው። ጉበቱን የሚበላው ግን ፒሻን ነው። ላሹኒ ስንት ጊዜ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች፤ ስለዚህ ዓይኗን ማየት አይወድም።

ቦኮ የሚባለውን የላሹኒን ውሻ ረሳሁት። በዚያ ዘመን ውሾች ይናገሩ ነበር፣ በተለይ ሲርባቸው። ቦኮ ደግሞ ሁልጊዜ ይርበው ነበር።

እሺ። አንድ ቀን ላሹኒ በገደል አፋፍ ላይ የበሰለ የቁልቋል በለስ አየች። እሷ አይታ የምታልፈው ነገር አለ እንዴ? ወጣች። አንዱን ለቀመች፣ ሁለተኛውን ለቀመች፣ ሦስተኛውን ልትለቅም እጇን ስትዘረጋ ድንጋዩ ከሥሯ ተንሸራተተና ተንከባልላ ወደቀች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጨረቃዋ አልቃ ነበር፤ በማግስቱ ጉዞ ነው። ሰዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ላሹኒን ከበቧት።

ፒሻን ከኋላ ሆኖ፣ “አለቃችን፣ እርስዎ ያውቃሉ። ሰው የተሸከመ ሥጋ አይሸከምም። ደግሞስ ሕጉ?” አለ።

ኦክማን አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከእህቱ አጠገብ አራት ነገር አስቀመጠ፤ አንድ ቅል ውሃ፣ አንድ የድንጋይ ቢላዋ፣ ፍም ያለበት የእሳት ቦታ፣ አንድ ጥቅልል የደረቀ ሥጋ።

“በሚመጣው ዓመት ዝናቡ ሳይጥል በዚህ በኩል እናልፋለን” አላት፤ እንባው እየወረደ። “ያን ጊዜ አጥንትሽን ሰብስቤ በክብር እቀብረዋለሁ፣ እህቴ።”

“አትቸኩል ወንድሜ” አለች ላሹኒ። “አጥንቴን ገና እየተገለገልኩበት ነው።”

ሰው ሁሉ እያለቀሰ አቅፎ ተሰናበታት። ፒሻንም አቀፋት፤ ያውም ከሁሉ አጥብቆ። ከዚያ ሄዱ። የእግራቸው ድምፅ ራቀ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ። ላሹኒ ከተወለደች ጀምሮ የሰው ኮቴ የማይሰማበት ቀን አይታ አታውቅም። ዝምታው ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተጫናት። ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች።

“እመቤቴ” የሚል ድምፅ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሰማች። ቦኮ ነው፤ ተደብቆ ቀርቷል። “ልቅሶሽን ስትጨርሺ ሥጋውን እይው። ፒሻን ሲያቅፍሽ አንድ እጁ ብቻ ነበር ጀርባሽ ላይ።”

ላሹኒ ዞር ብላ ብታይ የሥጋው ጥቅልል ግማሹ የለም። እንባዋን ጠረገችና ከት ብላ ሳቀች። “እንግዲህ ልሙት ብልም አልሞትም” አለች። “ይህን ሰውዬ ሳልይዘው አልሞትም!”

እግሯን በእንጨትና በዛፍ ልጥ አጥብቃ አሰረች። ሥጋው ሦስት ቀን በቃቸው። ከገደሉ ሥር የወደቀው በለስ አራት ቀን በቃቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሣር ብቻ ነበር። ሸለቆውን የሞላው ያ ሣር እንደ ሸምበቆ የረዘመ ነው፤ በአገዳው ጎን ከጣት የማይበልጥ ትንሽ ዛላ ያወጣል። ዛላው ላይ አምስት ስድስት ፍሬ ይደረደራል፤ ፍሬው እንደ ጠጠር ይደርቃል። አጋዘን እንኳ አፉን አያሳርፍበትም።

ላሹኒ ግን ቀመሰችው። መጀመሪያ ጥሬውን ነከሰችው፤ ጥርሷ ተሸረፈ። ቀጥላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ዋጠችው፤ ሆዷን ቆረጣት። ሦስተኛ ጊዜ ተናደደችና፣ “ገደል ግባ!” ብላ እፍኙን እሳት ውስጥ ወረወረችው።

ጥቂት ቆይቶ “ጧ!” አለ።

ቦኮ ሦስት ክንድ ዘለለ። “ወጉን! ሽሺ!”

“ጧ! ጧ! ጧ!” ከእሳቱ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ተፈናጥሮ ወጣ፤ አንዱ የቦኮ አፍንጫ ላይ አረፈ። ቦኮ እየተንቀጠቀጠ በምላሱ ላሰው። ከዚያ መንቀጥቀጡን ተወ።

“እመቤቴ፣ ድገሚው” አላት።

አዎ ልጆች፣ ፈንድሻ ነው! ያን ቀን ሴትዮዋና ውሻዋ ፈንድሻ በልተው ጠግበው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ሲስቁ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ላሹኒ በቂጧ እየተንፏቀቀች ፍሬ ትለቅም ጀመር። ዝናቡ መጣ። ዝናቡ በመጣ በሳምንቱ አመድ የምትደፋበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ አየች።

“ቦኮ፣ ይህን እዚህ ማን አመጣው?”

“አንቺ ነሽ። ስትበዪ ግማሹን ታፈሺያለሽ።”

ላሹኒ አንዱን ቡቃያ በጣቷ ቆፍራ አወጣችው። ከሥሩ የተሰነጠቀ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ሌላውን አወጣች፤ ከሥሩ ፍሬ አለ። ሦስተኛውን አወጣች፤ አለ። ደግሞ አስተውላ ብታይ ቀጭኑ ቡቃያ ከትንሽ ፍሬ ነው የበቀለው፤ ወፍራሙ ቡቃያ ከትልቅ ፍሬ ነው የበቀለው። ያቺ አፏ አርፎ የማያውቅ ሴት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

“ምን በላሽ ደግሞ?” አለ ቦኮ ፈርቶ።

“ቦኮ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትልቁ ለመሬት ነው፤ ትንሹ ለሆድ ነው።”

“ተገልብጦብሻል፤ ትልቁ ለሆድ ነው የሚባለው።”

“ትልቁ ለመሬት፣ ትንሹ ለሆድ!” አለች ላሹኒ። አለቀ። እግሯ እየጠገገ ሲሄድ በሹል እንጨት አፈር እየጫረች ትልልቁን ፍሬ ቀበረች። ቦኮ እያጉረመረመ ትንሹን በላ። በመከር ጊዜ ከወፍራሙ አገዳ ላይ ስምንት፣ ዘጠኝ ፍሬ ያለው ዛላ ወጣ። ከዚያም ውስጥ ምርጡን ለይታ በአንድ ቅል ሞልታ ዛፍ ላይ ሰቀለችው።

ዓመቱ ዞረ። እግረኞቹ የመቆፈሪያ እንጨት ይዘው አጥንት ሊቀብሩ መጡ። ላሹኒ በቅርንጫፍ ዳስ ሥር እግሯን ዘርግታ ፈንድሻ ስታነክት አገኟት።

“ላሹኒ!” ብሎ ኦክማን ተጠመጠመባት። “በሕይወት አለሽ!”

“ደግሞም ወፍሬያለሁ። ቁጭ በሉና ብሉ።”

ፍሬውን እሳት ላይ በተነችው። “ጧ! ጧ!” ሲል ልጆቹ እየጮሁ ሸሹ፣ እየሳቁ ተመለሱ። ሁሉም በላ። ከዚያ ኦክማን፣ “በይ ተነሺ፣ አብረን እንሂድ” አላት።

“አልሄድም።”

“ለምን?”

“ምግብ ልቀብር ነው። ዝናብ ሲመጣ ይበዛል።”

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቁባት። ምግብ የሚቀብር ሰው! አይ ላሹኒ፣ ብቻዋን ኖራ ጭንቅላቷ ተነካ! ከሁሉም በላይ የሳቀው ፒሻን ነው። አፉ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ዛፉ ላይ የተሰቀለውን ቅል ያያል። ሰዎቹ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ቅሉን አወረደና ትልልቁን ፍሬ አንድ ሳያስቀር ቆልቶ በላው።

ላሹኒ ያወቀችው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ባዶውን ቅል አቅፋ ተቀመጠች። ቦኮ ተጨነቀ። የሚያደርገው ቢያጣ የሚተኛበትን ሣር ጫረ፣ ቧጠጠ፣ አገላበጠ። ከሣሩ ሥር ባለ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ፍሬ አገኘ።

“እመቤቴ፣ ሰርቄ ደብቄያቸው ነበር” አላት ጆሮውን ጥሎ። “ልቆረጥማቸው አስቤ ነበር።”

“ተባረክ አንተ ሌባ!” ብላ አቀፈችው።

ሦስቱን ቀበረች። ሦስቱም በቀሉ። በሁለተኛው ዓመት እንደገና የሚዘራ ነገር ኖራት፤ ዛላውም አሥር ፍሬ ደረሰ። አሁን ግን ብልህ ሆና ዘሩን ለሁለት ከፍላ አስቀመጠች።

እግረኞቹ በሁለተኛው ዓመት ሲመጡ ፊታቸው ገርጥቷል። ጠጉራሙ ዝሆን ከጠፋ ቆይቷል፤ አጋዘኑም እየሳሳ ነው። ፒሻን ግን ከልማዱ አልቦዘነም፤ አንደኛውን ቅል አገኘና በላ። በዚህ ጊዜ ላሹኒ ቶሎ ደረሰችበት።

“ኦክማን፣ ፒሻን ዘሬን በላብኝ!”

“እኔ?” አለ ፒሻን ደረቱን እየመታ። “አለቃችን፣ እኔ ፈጣኑ አዳኝ የሣር ፍሬ ልስረቅ? እሷ ምግብ የምትቀብር ሴት ናት፤ የት እንደቀበረችው ጠፍቷት ይሆናል።”

ሰዎቹ ሳቁ። ኦክማን ግን አልሳቀም። “እህቴ፣ ምስክር አለሽ?” አላት።

ቦኮ “እኔ አለሁ” አለ። ውሻን ማን ይሰማል? ላሹኒ ምስክር አልነበራትም። እግረኞቹ ሄዱ። እሷ ሁለተኛውን ቅል አውጥታ ዘራች፣ አረመች፣ አጨደች። ሦስተኛውን ዓመት ሙሉም አንድ ነገር ስታስብ ከረመች።

በሦስተኛው ዓመት እግረኞቹ መጡ አይባልም፤ ተጎተቱ። ልጆቹ አይሮጡም። ላሹኒ ዓይኗን እያንከራተተች ሦስት ሽማግሌዎችን ፈለገች።

“የት አሉ?” አለች።

ኦክማን መሬት መሬት ብቻ አየ። መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ላሹኒ ያላትን ትንንሽ ፍሬ ሁሉ አወጣችና ፈጨች፣ ቀቀለች፣ ቆላች። ሰዎቹ እህል ሲቀምሱ ነፍሳቸው መለስ አለ። ያን ጊዜ፣ “ኦክማን፣ ዘንድሮ አትሂዱ። እስከ መከር አራት ጨረቃ ነው። ከእኔ ጋር ቆዩና አብረን እንዝራ” አለችው።

“ሕጉ አንድ ጨረቃ ነው የሚለው።”

“ይሁን፤ አንድ ጨረቃ ይበቃኛል” አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ፒሻን ባለበት በኩል፣ “ቦኮ! ምርጡን ዘር በዚያ በትልቁ ቅል አድርጌ ዛፉ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እባክህ ማንም እንዳይነካው!” ብላ ጮኸች።

ቦኮ በሹክሹክታ፣ “አብደሻል እንዴ? ፒሻን ሰማሽ እኮ” አላት።

“ዝም በል” አለችው።

ምን አድርጋ እንደነበር ልንገራችሁ? የምርጡን ዘር ግማሽ ከዳሷ ውስጥ ቀብራዋለች። ግማሹን ነው ቅል ውስጥ ያደረገችው። በቅሉ ሥር ደግሞ በአጥንት መውጊያ አንዲት ቀዳዳ በሳች፤ አንድ ፍሬ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ። ቀዳዳዋን በጭቃ ደፈነቻት። ጭቃው ደረቀ። ቅሉ ዝም ብሎ ከተሰቀለ ምንም አይሆንም፤ ከተወዛወዘ ግን ጭቃው ይረግፋል።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ወንዝ ሲወርድ ፒሻን ቅሉን አወረደ። ሁለት ዓመት የለመደው ነገር ነው። ዘንድሮ ግን ሰው ሁሉ ስለራበው እዚያው ቆልቶ ቢበላ ሽታው ያጋልጠዋል። ስለዚህ ቅሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ሮጠ። በወንዙ ዳር በለስላሳው አፈር ላይ ሮጠ፤ ጅረቱን ዘለለ፤ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ደረሰ። ቁና ቁና እየተነፈሰ ቅሉን መዳፉ ላይ ገለበጠው።

ሁለት ፍሬ ወደቀ።

አራገፈው። ምንም የለም። “አታላይ ሴትዮ! ባዶ ቅል ሰቅላ ነው የምትጮኸው!” አለና ሁለቱን ፍሬ መልሶ ቅሉ ውስጥ ጥሎ እዚያው ወረወረው። ተናዷል፤ ግን ለማን ይክሰስ?

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። ጎርፉ አፈሩን እያንሸራተተ በወንዙ ዳር ያለውን ሁሉ አለበሰው።

ዝናቡ ሲያባራ ላሹኒ በሰው ሁሉ ፊት ቆመች። “ዘሬ ተሰርቋል። የሰረቀውም ፒሻን ነው” አለች።

“አሁንም እኔ!” አለ ፒሻን። “አለቃችን፣ ምስክሯን ይጠይቁልኝ!”

“እህቴ፣ ምስክር አለሽ?”

“በዚህ ጊዜ አለኝ” አለች ላሹኒ። “ግን ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል።”

ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ፒሻን፣ “ምስክርሽ እግሩ ተሰብሯል እንዴ?” ብሎ ቀለደ። በስድስተኛው ቀን፣ “ምስክርሽ መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል” ብሎ ቀለደ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን መቀለጃ አላገኘም። ልጆቹ ከወንዙ ዳር፣ “ኑ እዩ! ኑ እዩ!” እያሉ ሲጮሁ ሰማ።

ከላሹኒ ዛፍ ሥር አንድ ቡቃያ በቅሏል። ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አረንጓዴ መሥመር ወንዙን ተከትሎ እስከ ወዲያ ተዘርግቷል።

“ምስክሬ ደረሰ” አለች ላሹኒ። “እንከተለው።”

ሁሉም ተሰልፈው ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቡቃያ ተጨናንቆ በቅሏል። ቦኮ አሽትቶ፣ “እዚህ ጋ ተደናቅፏል” አለ። መሥመሩ ጅረቱ ጋ ተቋረጠ፤ ከጅረቱ ማዶ ደግሞ ቀጠለ። “እዚህ ጋ ዘሏል” አለ ቦኮ። ቋጥኙን ዞሩ። ከጀርባው ቅሉ ወድቋል፤ በቅሉ ቀዳዳ በኩል አንዲት ቡቃያ ራሷን አውጥታ ታያቸዋለች።

“ወፍ ነው! ወፍ ያፈሰሰው ነው!” አለ ፒሻን።

ኦክማን መሥመሩን አየ፣ የፒሻንን እግር አየ። “ይህ ወፍ እርምጃው እንዴት ረዥም ነው!” አለና ሳቀ። እህቱን ጥሎ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያን ቀን ነበር። ሰዎቹም ሳቁ፣ ልጆቹም ሳቁ። ፒሻን ብቻ ጆሮው ቀላ።

“እንግዲህ አትቆጡት” አለች ላሹኒ። “ሰባራ እግር ይዤ ይህን ሁሉ መሬት ዞሬ መዝራት አልችልም። ፈጣን እግር ያለው ዘሪ እፈልግ ነበር፤ ይኸው ዘራልኝ።”

ሳቁ ሲበርድ ግን ሰዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። “ሦስት ዓመት ምግባችንን በላ። ትተናት እንሂድ ያለውም እሱ ነው። ስንሄድ እሱ እዚህ ብቻውን ይቅር!” አሉ። ፒሻን ተንበረከከ።

ላሹኒ ምርኩዟን መሬት ላይ መታች። “አይሆንም! ሰው ጥሎ መሄድ ይብቃን። እኔ ቀርቼ አይቼዋለሁ።”

ኦክማን ቀና ብሎ አያት። “እህቴ፣ ያን ቀን ጥዬሽ ስሄድ ምን ተሰማሽ?”

“የእግራችሁን ድምፅ እሰማ ነበር” አለችው። “ከዚያ መስማት አቃተኝ። ከስብራቱ ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።”

ኦክማን በቋጥኙ ላይ ተቀመጠ። የቀሩትን ሦስት ሽማግሌዎች በየስማቸው ጠራቸው። አለቀሰ፤ ማንም አላባበለውም፤ ሁሉም አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ተነሣ።

“ሕጉ የወጣው በሕይወት እንድንኖር ነበር” አለ። “አሁን እየገደለን ነው። እንግዲህ እንቀመጣለን።”

“ምን እናደርጋለን?” አሉ ሰዎቹ።

“እንቀመጣለን!”

ቃሉ ለጆሯቸው አዲስ ነበር። ጨረቃዋ ባለቀች በማግስቱ ሁሉም በልማዱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ዕቃውን ጠቀለለ፣ ተሸከመ፣ ተሰለፈ። ከዚያ የት ይሂድ? ማሳውን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ሁለተኛ ዞሩት፣ ሦስተኛ ዞሩት፤ ተመልሰው ዕቃቸውን አወረዱና እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ። እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ሄደው አያውቁም።

አራቱ ጨረቃ ቀላል አልነበረም። ዓሣ አጠመዱ፣ ሥር ቆፈሩ፣ ሆዳቸውን አጥብቀው አሰሩ። ዘሩ እስኪዘራ ድረስ አንዱ እየተነሣ፣ “ከዳስ ውስጥ የተቀበረውን ዘር ለምን አንበላውም?” ይላል። ላሹኒም፣ “ትልቁ ለመሬት፣ ትንሹ ለሆድ!” ትላለች። ውሎ አድሮ ልጆቹ ጭምር ቃሉን ሸመደዱት። እሷ ዘሩን አውጥታ አደለቻቸው፤ ሁሉም በተራ ዘራ፣ በመሥመር፣ ልክ የሌባው ዱካ እንዳስተማራቸው።

ፒሻንስ? ፒሻን ማሳ ጠባቂ ተደረገ። ከፍ ያለ ማማ ተሠራለትና ወንጭፍ ተሰጠው። በቀቀን በምሥራቅ ይወርዳል፤ ፒሻን ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። አጋዘን በምዕራብ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ ይሮጣል። ጥንቸል በመካከል ብቅ ትላለች፤ ወደ መካከል ይሮጣል። በዚያ አገር እንደ እሱ የሮጠ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ሩጫው ለሰው ሁሉ ሆነ። መከር ሲደርስ ትልቁን ፍሬ ከትንሹ የሚለየው እሱ ነው፤ ድርሻውም ከትንሹ ነው። ቦኮ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ሲያይ ይውላል። “ቀስ በል፣ ጣትህን እቆጥራለሁ” ይለዋል።

አዝመራው ገባ። ሰው ሁሉ እስኪጠግብ በላ፤ ተርፎም ለከርሞ ተቀመጠ። ሕፃን ያላት ሴት ሸክም ሳይኖርባት ልጇን ጭኗ ላይ አጫወተች። መሄድ ያቃታቸው አሮጊቶች ጥላ ሥር ተቀምጠው የብርድ አገሩን ለልጆች አወሩ። ኦክማን እየተነሣ ሰው ይቆጥር ነበር፤ አንድም የጎደለ የለም። እንደገና ይቆጥራል፤ አንድም የጎደለ የለም። ደስ ስለሚለው ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የላሹኒ ወገኖች የልጅ ልጆች፣ የእነሱም የልጅ ልጆች ምርጡን እየለዩ ዘሩት። ጣት ያክል የነበረው ዛላ መዳፍ አከለ፤ መዳፍ ያከለው ክንድ አከለ፤ እኛም ዛሬ በቆሎ የምንለው ሆነ። ዱባና ባቄላም በጎኑ ተተከለ። ዳሱ ቤት ሆነ፣ ቤቱ መንደር ሆነ፣ መንደሩ ገበያ ያለው ከተማ ሆነ። የከተማዎቹ ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ እንደ ተራራ የረዘመ ቤተ መቅደስ ሠሩ፤ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ከዋክብትን ቆጠሩ፤ ከዛፍ ሙጫ ኳስ ጠቅልለው ተጫወቱ። መቀመጥ ያልወደዱት ደግሞ ወደ ደቡብ እየሄዱ ትልልቅ ተራሮች ላይ ወጡ፤ እነሱም በተራቸው ድንች አገኙና ተቀመጡ።

ላሹኒ እስክታረጅ ድረስ ያየችውን መቅመስ አልተወችም። አንድ ቀን የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ ቀምሳ አፏን ይዛ ሮጠች፤ እግሯ ሰባራ መሆኑን ረስታ! በርበሬ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣችና፣ “ይህችንም እንዝራት” አለች።

እንግዲህ ልጆች፣ የዚህ ተረት ትምህርቱ ይኼ ነው። መራመድ ያቃተውን ሰው ጥላችሁ አትሂዱ፤ እናንተ በሩጫ ያላያችሁትን እሱ ተቀምጦ ሊያይላችሁ ይችላል። ቢርባችሁም ከያዛችሁት ምርጡን ለሚመጣው ዓመት አስቀምጡ። የሌላ ሰው ቅል ይዛችሁ ለመሮጥ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ያለፋችሁበት መንገድ በዘጠነኛው ቀን ምን እንደሚያበቅል አስቡ።

ተረቴ አልቋል፤ የሰማ ላልሰማ ያውራ፤ የተኛውን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱልኝ፣ ሆዱ እንዳይጮህ እራቱን ይብላ!